ኢዮሲኖፊል

በመርሳ ወይም በወልድያ ልጁን ያስመረመረ የሀብሩ ገበሬ «ኢዮሲኖፊል ጨምሯል» ሊባል ይችላል። ስሙን ያወጣው ሳይንቲስቱ ፖል ኤርሊክ በ1879 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ኢዮሲን የተባለውን ቀይ ቀለም የሚወድ ነጭ የደም ሴል ማለት ነው። መብዛቱ ምልክት እንጂ በራሱ የበሽታ ስም አይደለም። በአስምም በአንጀት ትልም ይጨምራል፤ ስለዚህ ትል በበዛበት ገጠራችን ቁጥሩን ብቻ አይቶ «አስም ነው» ማለት አይገባም።

በጅማ ተሠርቶ በ2001 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ ጥናት፣ ሁክዎርም የተባለው የአንጀት ትል ያለባቸው ሰዎች እንደ አስም ትንፋሻቸው ሲር ሲር የማለቱ ነገር አነስተኛ መሆኑን አሳይቷል። ይህ ትሉን ለመተው ምክንያት አይሆንም! ደም ይመጥጣል፣ ልጅን ለደም ማነስ ይዳርጋል። ወላጆች ሆይ፣ «ኢዮሲኖፊል ጨምሯል» የሚል ውጤት ስትቀበሉ ስለ ሰገራ ምርመራም ጠይቁ።