የንጉሥን ልብስ የለበሱ

የሌላውን ሰው ልብስ ለብሶ፣ ግርማውንም ተላብሶ በአደባባይ መታየት በዘመናችን የወጣቶች መዝናኛ ከመሆኑ አስቀድሞ፣ በኢትዮጵያ ነገሥታት ዘንድ ማዕርግ ያለው፣ ደመወዙም ብዙ ጊዜ ሞት የሆነ ሹመት ነበረ። ሊቀ መኳስ የተባለው ባለሟል በዘመቻ ቀን በንጉሠ ነገሥቱ አምሳል ተሸልሞ ከሠራዊቱ መካከል ይቆም የነበረው፣ ጠላት ለንጉሡ ያሰበው ጦርና ጥይት አቅጣጫውን ስቶ በእርሱ ላይ እንዲያርፍ ነው። ከዐፄ ቴዎድሮስ ሊቃነ መኳሳት አንዱ እንግሊዛዊው ዮሐንስ ቤል ነበር፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው የሐበሻን ንጉሥ ለመምሰል በቅቶ፣ በ1860 እ.ኤ.አ. ለጌታው ሲዋጋ ወደቀ።

ኮስፕሌይ የሚባለው የዛሬው ጨዋታ ግን ደም አይጠይቅም። በ1939 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ በተደረገ የሳይንስ ልብ ወለድ ወዳጆች ጉባኤ ላይ ፎረስት አከርማንና ሚርትል ዳግላስ፣ ሚርትል ራሷ የሰፋችውን የመጪ ዘመን ልብስ ለብሰው ቀረቡ፤ ስሙን ደግሞ ጃፓናዊው ኖቡዩኪ ታካሃሺ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አወጣለት። እኔ ግን ከደሴና ከኮምቦልቻ ወጣቶች መካከል ይህን ነገር ልጀምረው የሚል ቢኖር፣ ከጃፓን የካርቱን ሥዕል በፊት የገዛ አገሩን ተራሮች ቢመለከት እመርጣለሁ፤ ወሎ በልብስ ምክንያት ሰው የተሳሳተበት፣ ዙፋንም የተናወጠበት ምድር ነውና።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ አምባ ግርጌ፣ በአሮጌ ሜዳ ላይ የቴዎድሮስን ሠራዊት እየመራ የወረደው ፊታውራሪ ገብርዬ ቀይ ልብስ ለብሶ በፈረስ ላይ ስለ ነበረ፣ እንግሊዞች በሩቁ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መጡ ብለው አሰቡ። በዚያ ዘመን የሐር ቀሚስ ከገበያ ገዝቶ የሚለበስ ሳይሆን፣ ከንጉሥ እጅ በሽልማት የሚገኝ የጀግንነት ምስክር ነበርና፣ ባለ ቀሚሱ ሰው ከብዙ ሺህ ነጭ ለባሽ መካከል ጎልቶ ይታይ ነበር፤ ክብሩ የጥይት ዒላማ አደረገው። ገብርዬ በዚያው ዕለት ሞተ፤ ንጉሡም ከ3 ቀን በኋላ ራሳቸውን ሰዉ።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው የልጅ ኢያሱ ነገር ነው። በደሴ የተወለዱት እኒህ አልጋ ወራሽ በሐረርጌ ሳሉ ጥምጥም ጠምጥመው፣ እንደ እስላም መኳንንት ለብሰው የሚታዩባቸው ፎቶግራፎች በአዲስ አበባ ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ፤ ከፎቶግራፎቹ አንዳንዶቹ በተንኮል የተቀናበሩ ናቸው የሚሉ ጸሐፍትም አሉ። እውነትም ይሁን ሐሰት፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል በዓል፣ መኳንንቱና ካህናቱ ተሰብስበው ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል በሚል ክስ ከሥልጣን ሻሯቸው። የሸዋ መኳንንት ከጥምጥም ይህን ያህል ምስክርነት ማውጣታቸው ለወሎ ሰው ሳይገርመው አልቀረም። በዚህ አገር ጥምጥም የቄሱም የሼኹም ነው፤ የኢያሱ አባት ራሳቸው በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ዘመን ተጠምቀው ሚካኤል እስኪባሉ ድረስ ኢማም መሐመድ ዓሊ ነበሩ፤ በአንድ ቤት ውስጥ ማተብና መቁጠሪያ ጎን ለጎን የሚኖሩበትን አውራጃ፣ በራስ ላይ በተጠመጠመ ጨርቅ እየለዩ መፍረድ ከየት የመጣ ጥበብ ነው?

ንጉሥ ሚካኤል፣ ግንቦት 23 ቀን 1906 ዓ.ም. በደሴ ዘውድ የጫኑት፣ የልጃቸውን አልጋ ሊያስመልሱ ተነሥተው ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ተሸነፉ። በአዲስ አበባው የድል ሰልፍ ላይ በሰንሰለት ታስረው ሲያልፉ ያያቸው የ6 ዓመቱ ሕፃን ዊልፍሬድ ቴሲጀር፣ አድጎ ጸሐፊ ሲሆን ጥቁር ካባቸውንና በራሳቸው ላይ የተጠመጠመውን ነጭ ጨርቅ አልረሳም።

ዛሬ በየካቲት 23 የዓድዋ በዓል ወጣቶች ለምድ ደርበው፣ ጎፈር ደፍተው፣ ጦርና ጋሻ ይዘው፣ አንዱ ምኒልክን አንዷ ጣይቱን መስለው ወደ አደባባይ ሲወጡ፣ ማንም ኮስፕሌይ ባይለውም ነገሩ ያው ነው። ለደሴ ልጅ ይህ የተዋሰው ታሪክ አይደለም፤ የጦርነቱ ሰበብ የሆነው ውል የተፈረመው በውጫሌ፣ የዘመቻው ክተት የተጠራው ወደ ወረኢሉ ነው። ጀማሪው ብዙ ገንዘብ አያስፈልገውም። ከሰው ሠራሽ ጠጉር የሚሠራው ጎፈር ዓይን ቢስብም፣ ልብሱን ልብስ የሚያሰኘው ለምዱ ነውና ከእርሱ ይጀምር፤ የጥንቱ ለምድ የአንበሳ ወይም የነብር ቆዳ ስለ ነበር፣ ከፋይ ሲሰፋም ጠርዙ የአውሬውን እግሮች እንዲያስታውስ እየተሰነጠቀ ይንጠለጠላል፤ ይህን ቅድ ያላወቀ ሰፊ ለምድ ሳይሆን መጋረጃ ይሰፋል። ለሙከራ አቡጀዲ ይበቃል፤ በአቡጀዲ ቀዶ ልኩ ከሰመረለት በኋላ ከፋይ ይግዛ። ጥልፉን በወርቃማ ክር፣ በእጅ፣ በትዕግሥት። የዓድዋ ዘማች አብዛኛው በባዶ እግሩ እንደ ዘመተ ሁሉም ያውቃል፤ ሆኖም በበዓሉ ቀን ለምዱን ለብሶ፣ ጎፈሩን ደፍቶ፣ ጋሻውን አንግቦ ከወጣው ጎረምሳ መካከል የስፖርት ጫማውን ለማውለቅ የደፈረ እምብዛም አይታይም።