እሬት፦ የትዕግሥት ተክል በመካነ መቃብር



ዕድር ሲባል ድንኳንና ወንበር፣ ንፍሮና መዋጮ ትዝ ይለናል። የሸኘናቸው ወንድሞችና እኅቶች ማረፊያ ከቀብሩ በኋላ ምን እንደሚመስል ግን እምብዛም አንነጋገርም። ክረምት ሲሆን አረም ይወርሰዋል፤ በጋ ሲገባ ደግሞ በአርባው የተተከለው አበባ ውሃ የሚያጠጣው አጥቶ ይደርቃል። ዘበኛው ውሃ አያመላልስ፣ ቤተሰብ በየሳምንቱ አይመጣ። መፍትሔው ታዲያ እደጃችን አለ፤ እሬት ነው። ታሪኩን ከነአተካከሉ እንደሚከተለው በአጭሩ እናቀርባለን።

እሬትን የማያውቅ የለም። እናት ሕፃኑን ጡት ለማስጣል የምትቀባው እሱን ነው፤ ኑሮ የከፋበትም ሰው «እንደ እሬት መረረኝ» ይላል። ይሁን እንጂ ምሬቱን እንጂ ታሪኩን ብዙ ሰው አያነሣውም።

የግሪኩ ሐኪም ዲዮስቆሪዶስ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ1ኛው መቶ ዓመት በጻፈው የመድኃኒት መጽሐፍ ውስጥ እሬት ለቁስልና ለሆድ ድርቀት እንደሚጠቅም ገልጿል። ከአፍሪቃ ቀንድ ፊት ለፊት ባለችው በሶቆጥራ ደሴት የሚገኘው እሬትም ለረጅም ዘመን የታወቀ የንግድ ዕቃ ነበር። እንዲያውም የዐረብ ጸሐፊዎች ታላቁ እስክንድር ደሴቲቱን የያዛት በመምህሩ በአርስጣጣሊስ ምክር ለእሬቷ ሲል ነው ብለው ጽፈዋል። ይህ አፈ ታሪክ ቢሆንም ተክሉ ምን ያህል ይከበር እንደነበር ያሳያል።

ወደ መቃብሩ ጉዳይ ስንመጣ፣ ቡርክሃርት የተባለው የስዊስ ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1814 መካ ውስጥ ያየውን ጽፎልናል። በየመቃብሩ ጫፍ ማለት ይቻላል እሬት ተተክሎ አገኘ። ምክንያቱም ተክሉ ሁልጊዜ ለምለም ነው፣ ውሃም ብዙ አይፈልግም። ከዚህም ሌላ በዐረብኛ የእሬት ስምና «ትዕግሥት» የሚለው ቃል አንድ ሥር አላቸው፤ ሙታን ትንሣኤን በትዕግሥት መጠበቃቸውን ያስታውሳል ማለት ነው። ሌን የተባለው እንግሊዛዊም እ.ኤ.አ. በ1836 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የካይሮ ሰዎች እሬትን በደጃፋቸው ላይ እንደሚሰቅሉና ያለ አፈርና ያለ ውሃ ለዓመታት እንደሚኖር ጽፏል። በአገራችንም በመቃብር ላይ እሬት መትከል የቆየ ልማድ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ መዝገብ ለሚዋጣበት ለእኛ ዕድር ይህ የጋራ ቅርስ ነው።

ድርቅን የሚችልበት ምሥጢር ምንድን ነው? ወፍራም ቅጠሉ ጎተራ ነው፤ በክረምት ያገኘውን ውሃ ያጠራቅማል። በቅጠሉ ላይ ያሉትን ጥቃቅን መተንፈሻዎች ደግሞ በቀን ፀሐይ ዘግቶ ሌሊት ይከፍታቸዋል። ከአሜሪካ የመጣው ቃጫ ሊመስለን ይችላል፤ ቃጫ ግን አንዴ ብቻ አብቦ ይሞታል። እሬት ከደረሰ በኋላ በየጊዜው ያብባል።

አተካከሉም ቀላል ነው፤

አንደኛ፣ ከእናቲቱ ሥር የሚወጣውን ልጅ ከነሥሩ ለይቶ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን በጥላ ማቆየት።

ሁለተኛ፣ ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ፣ ጠጠርና አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር መትከል። ውሃ የሚቋጥር ጭቃ ጠላቱ ነው፤ ሥሩ ይበሰብሳል። መሐል ልቡም በአፈር መቀበር የለበትም።

ሦስተኛ፣ ከተተከለ ከሳምንት ያህል በኋላ ውሃ ማጠጣት፤ ከዚያ በኋላ አፈሩ በደንብ ሳይደርቅ አለመድገም። ከጸደቀ በኋላ ዝናቡ ይበቃዋል።

አራተኛ፣ ሲያድግ ጽሑፉን እንዳይሸፍን ከሐውልቱ ግርጌ መትከል። ሥሩ ከላይ ከላይ ስለሚሄድ ሐውልት ይሰነጥቃል የሚል ሥጋት አይግባን። የደረቀ የአበባ ዘንግ ማንሣትና አረም መንቀል ብቻ ነው የሚቀረው።

ሁለት ነገር እናሳስባለን። ከልጡ ሥር የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ሆድን ክፉኛ ያስቀምጣል፤ በተለይ እርጉዝ ሴት እንዳትጠጣው። ሁለተኛው፣ እሬት ፍለጋ ተራራ ወጥተን አንንቀል። በኢትዮጵያና በኤርትራ ከ40 በላይ የእሬት ዓይነቶች አሉ፤ አንዳንዶቹ ከተወሰነ አካባቢ ውጭ የትም አይበቅሉም። ከአንዱ የጓሮ ዓይነት በቀር የእሬት ዝርያዎች ዓለም አቀፍ ንግድ በስምምነት ቁጥጥር ሥር የሆነውም ለዚሁ ነው።

እንግዲህ መዋጮ አንጨምር፤ ገንዘብም አያስፈልግም። በግቢው እሬት ያለው አባል አንድ አንድ ልጅ ይስጥ፤ ክረምቱ ሲያበቃ አፈሩ ሳይደርቅ ወጥተን በጋራ እንትከል። ጠያቂ ዘመድ ያጣው መቃብር ቅድሚያ ይሰጠው። ዕድር ማለት ቀብሮ መመለስ ብቻ አይደለምና፣ የሸኘናቸውን በበጋም አንርሳቸው።