የፋይበር ኦፕቲክ ኬብል፦ ምንነቱ፣ ዕድሜውና የሚያሻው ጥንቃቄ

የፋይበር ኦፕቲክ ኬብል መልእክትን በብርሃን የሚያስተላልፍ የመገናኛ መስመር ነው። በውስጡ ያሉት የመስታወት ክሮች እያንዳንዳቸው 0.125 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አላቸው። መስታወት ስለማይዝግ በአግባቡ የተቀበረ ኬብል ከ25 ዓመታት በላይ ሊያገለግል ይችላል።

ዋነኛው ጠላቱ ቁፋሮ ነው። ለቤት መሠረት ወይም ለመስኖ ቦይ ሲቆፈር ኬብሉ ከተበጠሰ የአካባቢው ስልክ፣ ኢንተርኔትና የባንክ አገልግሎት ሊቋረጥ ይችላል። ለጥገናውም ክሮቹን አንድ በአንድ በሙቀት አቅልጦ መቀጠል ያስፈልጋል። መልእክት የሚያስተላልፈው መስታወት እንጂ መዳብ ስላልሆነ፣ ለሽያጭ ብሎ የሚቆርጠው ሰው ትርፍ አያገኝም።

ስለዚህ ከመቆፈር በፊት በአቅራቢያ የሚገኘውን የቴሌኮም ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል። የተቆረጠ ኬብል ያገኘ ሰውም ጫፉን አይንካ፣ አተኩሮም አይመልከት፤ የመስታወቱ ስባሪ ቆዳን ይወጋል፤ የማይታየው ብርሃንም ዓይንን ሊጎዳ ይችላል።