ቀላድና ርስት፤ የሕግና የጸጥታ ታሪክ ከአገው ምድር

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው ቡሬን አልፎ ወደ እንጅባራ ሲቃረብ የአየሩን መቀዝቀዝ፣ የመስኩን ልምላሜና የፈረሰኛውን ብዛት ሳያስተውል አያልፍም። ከዚያም አዲስ ቅዳምን አቋርጦ ዳንግላ እስኪደርስ የሚያየው አገር ጥንት አገው ምድር ሲባል የኖረው፣ ዛሬ የአዊ ብሔረሰብ ዞን የሚባለው ነው። ስለ ፈረሱና ስለ ዘንገና ሐይቅ ብዙ ተነግሯል። ስለ ሕግ ታሪኩ የተነገረው ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ሕግ አንድን ኅብረተሰብ በምን ኃይል አጽንቶ እንደሚያቆም፣ መቼስ አቅም አጥቶ እንደሚወድቅ ለመመርመር ለሚሻ ሰው አገው ምድርና በዙሪያው ያለው ጎጃም ግሩም ማስረጃ ይሰጣሉ።

የአዊ ሕዝብ ራሱን ሰባት ቤት አገው ብሎ ይጠራል። ባንጃ፣ አንከሻ፣ አዘና፣ ኳኩራ፣ ዚገም እየተባለ የሚቆጠረው ይህ የቤቶች ሥርዓት የትውልድ ማስታወሻ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ሰው ሲገደል ማን ከማን ጋር እንደሚታረቅ፣ ዋስ ሲጠራ ማን ለማን እንደሚቆም ለማወቅ የዘር ቆጠራው አስፈላጊ ነበር። ነፍስ ያጠፋ ሰው በመንግሥት ዳኛ ተፈርዶበት ቢታሰር እንኳ፣ የሟች ወገን ቂሙን እስካልተወ ድረስ ነገሩ አላለቀም። ሽማግሌዎች ገብተው ደም ካላደረቁ፣ ከእስር የተፈታው ገዳይ አገር ለቆ መሰደድ ወይም በጠመንጃ መጠበቅ ግዴታው ነበር። በ1932 ዓ.ም. የዓድዋን ድል ለማሰብ የተመሠረተውና በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን የሚያከብረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበርም ከፈረስ ጉግሡ ባሻገር የተጣላን የማስታረቅ ልማድ ያለው መሆኑ ከዚሁ ሥር የመጣ ነው።

የልማዱ ሕግ ሁሉ መልካም ነበር ማለት ግን አይደለም። ከብት ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል አገሬውን በአንድ ሜዳ ሰብስቦ፣ ወንጀለኛው እስኪጋለጥ ድረስ ወደ ቤቱ እንዳይመለስ የሚያደርገው አውጫጭኝ ንጹሑን ገበሬ በእርሻ ወራት ከሞፈሩ የሚነጥል፣ ለቂመኛም የሐሰት ጥቆማ በር የሚከፍት ነበር። ይህን የመሰለውን ጉድለት ለማረም ማዕከላዊው መንግሥት ዘመናዊ ሕግ ማውጣቱ ተገቢ ነበር። የ1923ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የፍርድ ቤቶች አዋጅ፣ የ1949ኙ አዲስ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ተከታትለው መጡ። በ1952 ዓ.ም. ደግሞ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ ታወጀ። የዚህ ሕግ ቁጥር 3347 ሕጉ በሚመለከታቸው ጉዳዮች ላይ ቀድሞ ይሠራበት የነበረውን ደንብ ሁሉ፣ የተጻፈም ይሁን የልማድ፣ ሻረው። በወረቀት ላይ ሲታይ የብዙ መቶ ዓመት ልማድ በአንድ አንቀጽ ተሰናበተ። በእንጅባራ ገበያ ግን ሽማግሌው እንደ ወትሮው ከዛፉ ሥር ተቀምጦ ያስታርቅ ነበር።

ዋናው ፈተና የመጣው በመሬት ነው። በጎጃም ርስት ማለት ከአቅኚው አባት የሚወረድ፣ ወንድም ሴትም ልጅ ዘሩን ቆጥሮ የሚካፈለው መብት ነው። የአንድ ገበሬ ድርሻ በአንድ ሥፍራ ተለክቶ የታጠረ ሳይሆን በክርክር፣ በድልድልና በጋብቻ የሚሰፋና የሚጠብ ነበር። አሜሪካዊው ተመራማሪ አለን ሆብን በአጎራባቹ ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት በዝርዝር አጥንቷል። ለመሐንዲስ ዓይን ወሰኑ የማይረጋ ይዞታ የብጥብጥ ምንጭ ይመስላል። ለባለርስቱ ግን ዋስትናው ያ አለመርጋቱ ነበር፤ ዛሬ የተነፈገውን ነገ ዘሩን ቆጥሮ ሊጠይቅ ይችላልና።

በዚህ ላይ ቀላድ የሚለው ቃል ያስፈራ ነበር። በሸዋና በደቡብ አገሮች መሬት በገመድ ተለክቶ በጋሻ ሲቆጠር፣ ጋሻውም ወደ 40 ሄክታር ተገምቶ ሲደለደል፣ ብዙው ነባር ባላገር ጭሰኛ ሆኖ መቅረቱን የጎጃም ሰው ሰምቶ ያውቃል። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በጋሻ ሲያስከፍል፣ ጎጃም፣ ቤጌምድርና ትግሬ ከዚህ ደንብ ውጭ ሆነው በቀድሞው አከፋፈል የቀጠሉትም የሕዝቡ ተቃውሞ ስለ ታወቀ ነው።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አዋጁ በራሱ ሲነበብ የሚነቀፍ አልነበረም። አሥራትን አስቀርቶ፣ ብዙ የሚያመርተው ብዙ፣ ጥቂት የሚያመርተው ጥቂት እንዲከፍል የሚያደርግ፣ ከቀድሞው የተሻለ ፍትሕ ያለው ሕግ ነበር። መሬት ይለካ አላለም፤ ምርት ይገመት አለ እንጂ። ባላገሩ ግን ገማቹን የቀላደኛ መንገድ ጠራጊ አድርጎ ተመለከተው። ዛሬ ምርቱን የገመተ ነገ መሬቱን ይለካል፣ ከነገ ወዲያ ይወስዳል ብሎ አሰበ። በተለይ በሞጣ፣ በብቸናና በዳሞት ገበሬው ገማቾችን አላስገባም ብሎ ሸፈተ። መንግሥት ጦርና ፖሊስ ላከ፤ የአውሮፕላን ድብደባም ተፈጸመ። በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ የተጠራቀመውም ውዝፍ ግብር ተማረ። ዳንግላን ዋና ከተማው ያደረገው የአገው ምድር አውራጃ የዚያው ጠቅላይ ግዛት ክፍል ነበርና ውጤቱ ለእርሱም ደረሰ።

ብዙ ጸሐፊዎች ይህን አመፅ የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገው ገልጸውታል። ፍርዱ የተቻኮለ ይመስላል። ገበሬው ያመፀው ሕግን በመጥላት አይደለም፤ ሌላ ሕግ፣ ማለትም የርስቱን ሕግ፣ በመጠበቅ ነው። ያንን ሕግ ያውቀዋል፤ በችሎቱ ተሟግቶበታል፤ ረትቶም ተረትቶም ያውቃል። አዲሱን አዋጅ ግን የሚያውቀው በተሿሚው ጠባይ ብቻ ነበር፤ የተሿሚው ጠባይ ደግሞ ምን እንደ ነበር ለመናገር ብዙ ቦታ ይፈጃል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ከሌላው የመሬት ሥሪት ጋር አብሮ አከተመው። የገበሬ ማኅበራት የፍርድ ሸንጎ አቋቁመው የወሰን ክርክርን በቅርብ እንዲዳኙ ተደረገ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ደግሞ ከአንዱ ወስዶ ለሌላው በመስጠቱ፣ ይዞታዬ ነገም የእኔ ነው የሚለውን እምነት እንደ ገና አናጋው።

ከዚህ በኋላ የመጣው ሥራ ለቅየሳ ባለሙያዎች ሊጤን ይገባዋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በክልሉ የይዞታ ምዝገባ ሲጀመር፣ መሬቱ የተለካው በዚያው በሚፈራው ገመድ ነበር። ገመዱን የያዙት ግን ቀበሌው ራሱ የመረጣቸው ኮሚቴዎች ሲሆኑ፣ አዋሳኞች በወሰኑ ላይ ቆመው ይመሰክሩ ነበር። ደብተሩም የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ይዞ ወጣ። የልኬቱ ትክክለኛነት በሙያ ሚዛን ሲመዘን ደካማ ነው፤ አንድ የቅየሳ ተማሪ ስሕተቱን በቀላሉ ያወጣል። የ1960ውን የመሰለ አመፅ ግን አላስነሣም። የመሬት ባለቤትነት በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የመንግሥትና የሕዝብ እንደ ሆነ ቢቀጥልም፣ በ1998 ዓ.ም. የወጣው የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 133 የባለይዞታውን የመጠቀም፣ የማውረስና የማከራየት መብት ዘረዘረ። ሕገ መንግሥቱም ተከራካሪዎቹ እስከ ፈቀዱ ድረስ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ወይም በባሕል ሕግ እንዲዳኝ በመፍቀዱ፣ ከዛፍ ሥር ያለው ሽማግሌ ከ35 ዓመት በኋላ ሕጋዊ ቦታ አገኘ።

በፋግታ ለኮማ ወረዳ የሚታየው የዲከረንስ ግራር ተክል ለዚህ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ገበሬው በአሲድ የተጎዳ ማሳውን በችግኝ ይሸፍናል፤ በመጀመሪያው ዓመት በመካከሉ ጤፍ ይዘራል፣ ቀጥሎ ሣር ያጭድበታል፤ በ4 ወይም በ5 ዓመት ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስላል፣ መሬቱንም መልሶ ያርሰዋል። አምስት ዓመት ጠብቆ የሚቆረጥ ዛፍ የሚተክል ሰው በአምስተኛው ዓመት ማሳው ከእጁ እንደማይወጣ ያመነ ሰው ነው። አሁን በሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ማሳው በአየር ፎቶግራፍና በሳተላይት መሣሪያ ተለክቶ ካርታ ይወጣለታል። ቀያሹ መሣሪያውን ይዞ ማሳው ዳር ሲደርስ ግን አሁንም አስቀድሞ የሚጠራቸው አዋሳኞቹን ነው።