ከሳነቴዋ ወፍ እስከ “አገር ማቅናት”

ከጎባ ተነስቶ ወደ ሪራ የሄደ ሰው ይህችን ወፍ ሳያያት አይቀርም። ዳገቱ አልቆ ሳነቴ ላይ ስትወጡ፣ መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ወይም ጅብራ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ዓይጥ ትጠብቃለች። ጀርባዋ ጥቁር፣ ደረቷ ነጭ፣ ጅራቷ የሸክላ ቀለም ነው። አንዳንዷ ደግሞ ከጅራቷ በስተቀር አብዛኛው ገላዋ ጥቁር ነው። መቼም ሳነቴ የሚወጣ ሰው ልቡ ያለው ቀይ ቀበሮ ላይ ስለሆነ፣ እሷን “ጭልፊት ነው” ብሎ ያልፋታል።

ስሟ ግን ጉድ ነው። ሳይንሱ “ቡቴዎ ኦገር” ይላታል። ስሙን ያወጣላት ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል የፍራንክፈርት ሰው ነው። በ1830ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልኝ) ወደ ሀገራችን መጥቶ፣ ጎንደርንና የሰሜን ተራሮችን አይቶ፣ ወደ ባሌ ሳይደርስ ተመለሰ። በ1836 ይህችን ወፍ ሲመዘግብ “ኦገር” አላት። ኦገር ማለት በጥንት ሮማ ወፍ አይቶ የአማልክትን ፈቃድ የሚተረጉም ባለሥልጣን ነው። እኛ ጭልፊት ብለን የምናልፋት ወፍ፣ ለካ የሮማ ጠንቋይ ማዕረግ ተሸክማ ነው ዓይጥ የምታድነው!

ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሰሞኑን ጥያቄ ላከልኝ። ለአንድ ምረቃ ሥነ ሥርዓት የእንግሊዝኛ ንግግር እንዲተረጉም ተሰጥቶታል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ እዚያ የተለመደው “ኦስፒሸስ ኦኬዥን” አለ። “ጋሼ፣ መዝገበ ቃላቱ ‘መልካም፣ ምቹ፣ ዕድለኛ’ ይላል፤ የቱን ልውሰድ?” ነው ጥያቄው። አጭር መልስ ሰጥቼዋለሁ። ረጅሙ ደግሞ ለሁላችሁም ይሁን ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ኦስፒሸስ ውስጡ ወፍ አለበት። በላቲን “አዊስ” ወፍ ነው፤ “ስፔኬሬ” ማየት ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ “አውስፔክስ” ማለትም ወፍ ተመልካች ይወጣል። ሥራው ደግሞ “አውስፒኪዩም” ይባላል። ሮማዊ ሹም ጦር ከማዝመቱ፣ ጉባኤ ከመጥራቱ በፊት ሰማይ ያስነብባል። የትኛዋ ወፍ በየት በኩል በረረች? የትኛዋ ጮኸች? ስንት ነበሩ? አዎንታ ካገኘ ይቀጥላል፤ ካላገኘ ለነገ ያሳድራል።

ከተማይቱ ራሷ በወፍ ነው የተመሠረተችው ይላሉ። ሮሙለስና ሬሙስ መንትዮቹ፣ ማን ይንገሥ ብለው ወፍ ለማየት የየራሳቸው ኮረብታ ላይ ወጡ። ለሬሙስ ቀድመው ስድስት ጥንብ አንሳዎች ታዩት። ለሮሙለስ ዘግይተው አሥራ ሁለት መጡለት። አንዱ “እኔ ቀደምኩ”፣ ሌላው “የኔ በዛ” አለና ተጣሉ፤ ሬሙስም ተገደለ። (ጥንብ አንሳ መልካም ምልክት የሆነበት አገር አስቡት እንግዲህ። እኛ ጋ ከዞረ በግ ሞቷል ማለት ነው።) አፈ ታሪክ ነው፤ ግን ታሪኩን የሚያወሩት ሮማውያኑ ራሳቸው አንድ ነገር አልደበቁም። ወፎቹ ለሁለቱም መጥተዋል። የማን ወፍ እንደሚቆጠር የወሰነው ጉልበት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ አውስፒኪዩም መጀመሪያ ላይ ጥሩም መጥፎም አልነበረም። “ምልክት” ማለት ብቻ ነው፤ ክፉም ይሆናል ደግም ይሆናል። እንግሊዝኛው በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ሲቀበለው ነው ደጉን ወገን ብቻ ይዞ የቀረው። ክፉውን ለመናገር ፊቱ ላይ “ኢን” መጨመር ግድ ሆነ። ዛሬማ ወፉም ጠፍቶ፣ ምልክቱም ጠፍቶ፣ የሠርግና የምረቃ ማሳመሪያ ሆኗል። ሕንዶች በእንግሊዝኛቸው ለሠርግ የተመረጠን ቀንና ሰዓት ለመጥራት አጥብቀው ስለሚጠቀሙበት፣ በነሱ አፍ እስካሁን የቆጠራ ሽታ አለው። በሌላው ዓለም ግን እንዲሁ ያማረ ቃል ነው።

ሁለተኛውን እኔ ይበልጥ እወደዋለሁ። በሮማ ማንም ሰው ቀና ብሎ ሰማይ ማየት ይችላል፤ የመንግሥትን ምልክት የመጠየቅ መብት ግን የሹም ነው። የጦር አዛዡ “አውስፒኪያ” አለው ይባላል። የበታቹ መኮንን የቱንም ያህል ቢዋጋ፣ ድሉ የሚመዘገበው አውስፒኪያው ለሆነው ሰው ነው። ዛሬ እንግሊዝኛው “አንደር ዘ ኦስፒስስ ኦፍ” የሚለው ከዚያ የመጣ ነው። በአፍሪካ ኅብረትና በተባበሩት መንግሥታት ሰነድ ሁሉ ላይ ታገኙታላችሁ፤ እኛ “በእገሌ ጥላ ሥር” ወይም “በእገሌ አስተባባሪነት” እያልን እንተረጉመዋለን። ወፏ በረረችና ሥልጣኑ ቀረ።

ሥልጣንና ምልክት ሲጋጩ ምን እንደሚሆንም ሮማውያን ጥሩ አድርገው መዝግበዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ249 ፑብሊየስ ክላውዲየስ ፑልኬር የሚባል አዛዥ ድሬፓና ላይ ከካርቴጅ መርከቦች ጋር ሊገጥም ነው። መርከብ ላይ ለዚሁ የሚቀለቡ ዶሮዎች ነበሩ። እህል ሲበተንላቸው ተስገብግበው ከበሉ ደግ ነው። ዶሮዎቹ እምቢ አሉ። ሰውዬው ተናደደና “ካልበሉ ይጠጡ!” ብሎ ባሕር ውስጥ ወረወራቸው ይባላል። ከዚያ ተዋጋ፤ 93 መርከብ ተማረከበት፤ ሮማም ከስሶ ቀጣው። በ59 ደግሞ ቢቡሉስ የሚባል ቆንስል ዶሮም አላስፈለገውም። የዩልየስ ቄሳርን ሕግ ለማገድ ቤቱን ዘግቶ “ሰማይ እያየሁ ነው” ብሎ ማስታወቂያ ይልክ ጀመር። ሕጉ እንደሚለው ሰማይ እየታየ ጉባኤ አይካሄድም። ቄሳር ከምንም አልቆጠረውም፤ ሕጉን አጸደቀ። መቼም “ሁኔታው ምቹ አይደለም” እየተባለ ስብሰባ ሲራዘም ያየ የሀገራችን ሠራተኛ ለቢቡሉስ እንግዳ አይሆንም።

የሳነቴዋን ወፍ የመጀመሪያ ስም ደግሞ ሳልነግራችሁ እንዳላልፍ። “ቡቴዎ” በሮማ የታወቀ የቤተሰብ ስም ነበር። ፕሊኒ የሚባለው ጸሐፊ እንዳቆየልን፣ ይህች ዓይነት ወፍ በመልካም ምልክትነት የአንድ አዛዥ መርከብ ላይ ስላረፈች ነው ቤተሰቡ በስሟ የተጠራው።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ።

የአማርኛው የአውስፒኪዩም ወንድም “ገድ” ነው። “ገድ አለው”፣ “ገደ ቢስ” እንላለን። በዕብራይስጥም “ጋድ” ዕድል ነው፤ ልያ የባሪያዋን የዘለፋን ልጅ ጋድ ያለችው ለዚያ ነው። ዓረቦቹ ደግሞ ልክ እንደ ሮማውያን ከወፍ ነው የጀመሩት። “ጠይር” ወፍ ነው፤ “ጢየራ” ደግሞ ገድ ማየት። ግን ቃሉ በነሱ ዘንድ ወደ ክፉው ወገን አዘነበለ፣ እስልምናም ከለከለው። ኦሪትም እንዲሁ ገድ ማየትን ይከለክላል። ሆኖም እኛ ሰብአ ሰገልን በየገናው በክብር እንጠራለን፤ “ሰገል” በግዕዝ ጥንቆላና ኮከብ ቆጠራ መሆኑን ማን ያስታውሳል?

ከገድ ይልቅ በየቀኑ አፋችን ላይ ያለው ግን “ቀና” ነው። ገበያ ውሎ የመጣውን “ቀናህ?” እንለዋለን። “አልቀናኝም” ካለ ባዶ እጁን ነው። መንገድ ለሚወጣ “ይቅናህ”፣ ጠዋት ከቤት ስንወጣ “በቀኝ አውለኝ” እንላለን። ቀኝ መልካም ነው፤ ግራ ሲገባ ሰው ይወዛገባል። ቀኛዝማች ከግራዝማች ይበልጣል። (ሮማውያን በወፍ ንባብ ግራን ነበር መልካም የሚሉት፤ ግሪኮች ቀኙን። የላቲኑ ግራ “ሲኒስተር” ዛሬ በእንግሊዝኛ ክፉና አስፈሪ ማለት ሆኖ ቀርቷል። ቃል እንዲህ ነው የሚገለባበጠው።)

“ቀናኝ” ብላችሁ አንዲት ፊደል ጨምሩበትና “ቀናብኝ” በሉ፤ የተሳካለት ሰው የተቀናበት ሰው ይሆናል። ምንጫቸው አንድ ነው ብዬ አላምንም፤ የቅናቱ ከግዕዝ “ቀንአ” ነው። ግን አማርኛ ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል።

አሁን የምጽፈውን ደግሞ ባሌ ያደጋችሁ በሌላ ጆሮ ነው የምታነቡት። “ቀና” ላይ አድራጊ ሲመጣበት “አቀና” ይሆናል። የተጣመመ ሽቦ ይቀናል፤ አገርም ይቀናል። “አገር ያቀና” ስንት ሰው የተወደሰበት ቃል ነው! ጫካ መንጥሮ ቀዬ የመሠረተም አቀና ይባላል፤ ሠራዊት ይዞ የገባም አቀና ይባላል። በ1880ዎቹ የምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ አርሲን ለዓመታት ተዋግተው ከያዙ በኋላ፣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ባሌም በዚያው መንገድ ተያዘ። ጎባ የሠራዊት መቀመጫ ሆነች። “ከተማ” የሚለው ቃል ራሱ መጀመሪያ የጦር ሰፈር ማለት ነበር። በአንዱ ወገን መዝገብ ይህ ሁሉ “ማቅናት” ነው፤ ጠማማው ተስተካከለ፣ ምቹ ያልነበረው ምቹ ሆነ። በሌላው ወገን ትዝታ ደግሞ መሬቱ በቀላድ ተለክቶ ለሌላ የተሰጠበት፣ ባለቤቱ ጭሰኛ የሆነበት ጊዜ ነው።

አንድ ቃል፣ አንድ ዘመን፣ አንድ መሬት ነው። አውስፒኪያው የማን ነበር ብላችሁ ጠይቁ እንጂ ቃሉማ ያምራል።

ከ1963 እስከ 1970 የዘለቀው የባሌ ገበሬዎች አመጽ፣ ዋቆ ጉቱ ስሙ የገነነበት፣ ያለምክንያት አልተነሳም። የመሬት ልኬታው፣ የግብሩ ክብደት፣ ግብር ያልከፈለ መሬቱን የሚያጣበት አሠራር፣ የሹማምንቱ በደል፣ የሃይማኖት አድልዎ ተደራርበው ነው። የካቲት 1967 ዓ.ም. (በፈረንጅ መጋቢት 1975) የታወጀው የመሬት አዋጅ እስኪመጣ ድረስ፣ ለብዙ የባሌ ገበሬ አገሩ “የቀናው” ለሌላ ሰው ነበር። ይህን ስል ጎባ ተወልዶ ያደገውን የሰፋሪ ልጅ ማሳቀቄ አይደለም። ክፍሌ ውስጥ የሁለቱም ልጆች አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ቋንቋ እየተናገሩ ነው ያስተማርኳቸው። ግን ታሪክ ስታነቡ “አቀኑ” የሚል ግሥ ሲያጋጥማችሁ “ለማን?” ሳትሉ አትለፉት። “ለልማት ምቹ ሁኔታ ተፈጥሯል” የሚል ዜና ስትሰሙም እንደዚያው።

በኦሮምኛ ደግሞ ቀኝ “ሚርጋ” ነው፤ መብትም “ሚርጋ” ነው። የእንግሊዝኛው “ራይት” ሁለቱን እንደያዘ ማለት ነው። አማርኛው ቀኝ ግን ወደ ሕግ ሳይሆን ወደ ጠባይ ነው የሄደው፤ ቅን፣ ቅንነት ብሎ። ገዱን ኦሮምኛ “ሚልኪ” ይለዋል፤ “ሚልካኡ” መሳካት ነው።

ተማሪዬ የጠየቀኝ የምረቃ ነገርም እዚህ ይገባል። የእንግሊዝኛው “ኢናውጉሬሽን” ውስጥ ያችው ኦገር አለች፤ በወፍ ፈቃድ መክፈት ነው። እኛ “ምረቃ” ስንል ግን ወፍ የለበትም፤ ሰው ነው ያለበት። የመረቀ አንድ ሽማግሌ አለ፣ አሜን ያለ ሕዝብ አለ። ኦሮምኛውም “ኤባ” ሲል ምርቃት ነው፤ ሕንፃ ሲከፈትም ተማሪ ሲመረቅም ያው ኤባ ነው። ስለዚህ ለልጁ ያልኩት “መልካም”ንም “ምቹ”ንም ተዋቸው፤ “በዚህ የምረቃ ቀን” ብለህ ጀምር፣ ኦስፒሸሱ እዚያው ውስጥ አለልህ ነው። አለቃው “አንድ ቃል ጎድሏል” ብሎ “መልካም” ጨመረበት አሉ። ይሁን።

ሪራ፣ ዶሎ መና፣ ጊኒር፣ አጋርፋ ላደጋችሁ አንድ ጥያቄ አለኝ። አያቶቻችሁ ቀፎ ሊያዩ ወይም ገበያ ሊወርዱ ሲነሱ፣ የትኛዋን ወፍ በየትኛው በኩል መስማት ነበር የሚፈልጉት? በሰማችሁበት ቋንቋ ጻፉልኝ።