ስለ ቅኝትና ስለ ኅብረ ድምፅ

ጥንት አገው ምድር ሲባል የኖረው፥ ዛሬ የአዊ ዞን የምንለው ደጋ፥ በፈረሰኞቹና በቀርከሃው የታወቀ አገር ነው። ከዳንግላ ተነሥቶ ወደ እንጅባራ የሚሄድ መንገደኛ ቀርከሃውን በየጓሮው ቆሞ ያየዋል። ይኸው ተክል አጥር ይሆናል፥ ቅርጫት ይሆናል፥ ለቤት መሥሪያም ይውላል። ውስጡ ባዶ የሆነው ግንድ ግን ሌላ አገልግሎት ደግሞ አለው፤ ቀጠን ያለውን ቈርጦ አራት ቀዳዳ የበሳበት እረኛ ዋሽንት አበጀ ማለት ነው። አራቱ ቀዳዳዎች ሲዘጉና ሲከፈቱ አምስት ድምፅ ይወጣል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ነፊው ትንፋሹን በማጠንከር ያገኘዋል። የአገራችን ዘፈን አብዛኛው በነዚህ አምስት ድምፆች የተሠራ ነው።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው። በአምስት ድምፅ የተሠራውን ዜማ ሌሎች ድምፆችን ከሥሩ ደርቦ ማስፋትና ማራቀቅ ይቻላልን? ቢቻልስ ዜማው መልኩን ሳይለውጥ ነውን? ይህ ጥያቄ በአገራችን ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረ ነው፤ ዛሬም በየትምህርት ቤቱ የሙዚቃ መምህራንን ይጠብቃቸዋል።

አስቀድመን አንድ የተሳሳተ አሳብ እናርም። የኢትዮጵያ ዜማ በአንድ ድምፅ ስለሚሄድ ቀላል ነው የሚሉ አሉ። ነገር ግን በስድስተኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረው ቅዱስ ያሬድ ደረሰው የምንለውን ዜማ፥ ግዕዝ፥ ዕዝልና ዓራራይ ተብሎ የተከፈለውን፥ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይልም። በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በድጓው ላይ ምልክት እንዳደረጉ ታሪክ ይናገራል። ድፋት፥ ሂደት፥ ቅናት፥ ይዘት፥ ቍርጥ፥ ጭረት፥ ርክርክና ደረት የተባሉት ምልክቶች ድምፁ እንዴት እንደሚወርድ፥ እንደሚሳብ፥ እንደሚረገጥ ያስተምራሉ። በማሕሌትም አንዱ ዜማ መጀመሪያ በቁም ይባላል፤ ቀጥሎ በመቋሚያ ይዘመማል፤ ከዚያም በከበሮና በጸናጽል ይረገዳል፤ በመጨረሻም በጽፋት ይፈጸማል። ስለዚህ አባቶቻችን ዜማን ያራቀቁት ድምፅ በድምፅ ላይ በመደረብ ሳይሆን፥ አንዱን መሥመር በማስጌጥና በማዕርግ በማሳደግ ነው። ጥበቡ ሌላ ሆነ እንጂ አላነሰም።

የዘፈኑ ጥበብ ደግሞ ቅኝት ነው። አራቱ ቅኝቶች ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው። በአውሮጳ የድምፅ ስም ብንጽፋቸው ሙሉው ትዝታ ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ሶል፥ ላ ነው። ሁለተኛው ትዝታ ሚና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያደርጋል። ሙሉው ባቲ ዶ፥ ሚ፥ ፋ፥ ሶል፥ ሲ ሲሆን፥ ሁለተኛው ባቲ ሚንና ሲን ዝቅ ያደርጋል። አምባሰል ዶ፥ ዝቅ ያለ ሬ፥ ፋ፥ ሶል፥ ዝቅ ያለ ላ ነው። አንቺሆዬ ደግሞ ዶ፥ ዝቅ ያለ ሬ፥ ፋ፥ ዝቅ ያለ ሶል፥ ላ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲል እንለምናለን። የሁለተኛውን ትዝታ ድምፆች ይዘን ከሶል ብንጀምር ያንኑ የአምባሰልን ርቀት እናገኛለን። የሙሉውን ትዝታ ድምፆች ይዘን ከላ ብንጀምር ሁለተኛውን ባቲ እናገኛለን። ድምፆቹ አንድ ሲሆኑ ዜማዎቹ ለጆሮ የተለያዩ ናቸው። የሚለያያቸው ምንድን ነው ቢሉ፥ ዜማው የሚያርፍበት ድምፅ ነው፤ ይህን ድምፅ የዜማው ቤት ብለን እንጥራው። ዜማው ከቤቱ ወጥቶ ይዞራል፤ ወደ ቤቱም ተመልሶ ያርፋል። ቤቱ የተለወጠበት ዜማ አንድም ድምፅ ሳይጐድልበት ሌላ ዜማ ይሆናል።

አሁን ወደ ታሪኩ እንመለስ። ከአድዋ ድል በኋላ የሩስያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒቆላስ ለዐፄ ምኒልክ የናስ የሙዚቃ መሣሪያዎች ላኩ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጐበኙ አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ሲነፉ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ አመጡአቸው፤ እነዚህም «አርባ ልጆች» ተባሉ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያን በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የተዘመረውን የሕዝብ መዝሙር ዜማ ደረሱ፤ ቃሉን የጻፉት የጎጃሙ፥ የደብረ ኤልያሱ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። በቅኔ አገር ያደገ ሊቅ ቃል ከአርመናዊው ዜማና ከናስ ድምፅ ጋር በአንድ መዝሙር ተገናኘ።

ከናሱ ጋር የመጣው ትምህርት ኮርድ የሚባለው ነው፤ እኛ ኅብረ ድምፅ እንበለው። መደበኛው ሥርዓት አንዱን እየዘለሉ ሦስት ድምፅ ባንድነት ማሰማት ነው፤ ዶ፥ ሚ፥ ሶል እንደ ማለት። ይህ ሥርዓት የተሠራው ሰባት ድምፅ ላለው ስኬል ነው። ሙሉው ትዝታ ከገዛ ድምፆቹ እንዲህ ያለ ሁለት ኅብረ ድምፅ ብቻ ይሰጣል፤ እነርሱም ዶ፥ ሚ፥ ሶልና ላ፥ ዶ፥ ሚ ናቸው። አንደኛው በቤቱ በዶ ላይ ስለሚቆም ችግሩ ቀላል ነው። ወደ አምባሰል ስንመጣ ግን በቤቱ ላይ የሚቆም ሦስትዮሽ የለም፤ በአምስቱ ውስጥ ሚ የለምና። ደራሲው ሚን ከውጭ ቢያስገባ በዜማው ላይ እንግዳ ድምፅ ሾመ። ከውስጥ ልውሰድ ብሎ ፋን፥ ዝቅ ያለ ላንና ዶን ቢያሰማ ደግሞ፥ የሰሚው ጆሮ ፋን ቤት አድርጎ ይቀበላል፤ በዚያው ቅጽበት አምባሰሉ ሁለተኛ ትዝታ ሆነ። ዘፋኙ አንድ ድምፅ አልሳተም፤ ዜማውን የለወጠው ከሥር የተነጠፈው ነው። አንቺሆዬ ከዚህም ይጠነክራል፤ ሶሉ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ አውሮጳዊው ኅብረ ድምፅ የሚደገፍበትን ምሰሶ ከቤቱ በላይ አያገኝም።

ይህን ችግር አይተው መፍትሔ የፈለጉ ሰዎች አገራችን አላጣችም። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንድያን ለአገራችን ዜማዎች ኅብረ ድምፅ እየጻፉ ኦርኬስትራና መዘምራን አሠለጠኑ፤ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው፥ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርም አገለገሉ። አሸናፊ ከበደ በአሜሪካ በኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው ሲመለሱ በ1950ዎቹ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዲሬክተር ሆኑ፤ የእረኛውንም ዋሽንት ወደ ኦርኬስትራ ያስገቡበት ድርሰት አላቸው። በጅማ የተወለዱት ሙላቱ አስታጥቄ በእንግሊዝ አገርና በቦስተን ተምረው፥ የፒያኖውን ዐሥራ ሁለት ድምፅ ከአምስቱ ጋር ማስማማትን የዕድሜ ልክ ሥራቸው አደረጉት፤ ኢትዮ ጃዝ የተባለው ሙዚቃም ከዚህ ተወለደ። የሙላቱ ብልሃት ዜማውን በቅኝቱ ላይ አጽንቶ፥ ከሥር ያለውን ማንቀሳቀስ ነው።

ደግሞም ድምፅን ከድምፅ ማስማማት ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ክራር መቺው አውታሮቹን ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲመታ የማይፈልጋቸውን በግራ እጁ ጣቶች አፍኖ የቀሩትን ብቻ ያሰማል፤ እነዚያ የቀሩት ድምፆች ኅብረ ድምፅ ካልሆኑ ምን ይባላሉ? እምቢልታ ነፊዎች ሦስት ሆነው እያንዳንዱ ጥቂት ድምፅ ብቻ ይዞ እየተቀባበሉ አንድ ዜማ ያወጣሉ። የዶርዜ ሰዎችም በብዙ መሥመር የተሰናሰለ ዝማሬ ከጥንት ጀምሮ አላቸው። ስለዚህ መምህሩ ከባሕር ማዶ መጽሐፍ ጋር የክራር መቺውንም ጣት ማጥናት ይገባዋል። ለምሳሌ አምባሰልን በዶና በሶል፥ አንዳንድ ጊዜም በፋ ጨምሮ ቢደግፈው፥ ቤቱ ሳይናጋ ዜማው ይሰፋል። በአንቺሆዬ ደግሞ ቤቱን ብቻ አጽንቶ በአምስቱ ድምፆች የሚሄድ ሁለተኛ መሥመር ቢጽፍ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ለአዊ ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር መልሱ ቅርብ ነው። የአዊ ዘፈን በአማርኛም በአውንጊም ይዘፈናል። የቋንቋ ሊቃውንት እንደ ጻፉት በአውንጊ የድምፅ መውጣትና መውረድ የቃልን ፍች ይለያል። እንግዲህ ለኅብረ ድምፅ ይመቸኝ ብሎ መሥመሩን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ደራሲ ቅኝቱን ብቻ ሳይሆን ቃሉንም እንዳይነካ ያስፈራል። ኪቦርድ የሚባለው መሣሪያ በሠርግ ቤት ሁሉ ገብቷል፤ አንድ ቁልፍ ሲነኩት ሦስትዮሹን በገዛ ራሱ የሚያወጣም አለ። መሣሪያው ግን የአምባሰልን ቤት አያውቅም፤ የአውንጊንም ቃል አይሰማም። ማወቅና መስማት ያለበት ሰውየው ነው።

ስለዚህ የእንጅባራና የዳንግላ መምህራንና ተማሪዎች ኅብረ ድምፅን እንዲማሩ እንመክራለን፤ እንዳይሸሹትም እንለምናለን። ነገር ግን ሥራቸውን በዚህ ተራ ይጀምሩ፤ አስቀድመው ዜማውን ከሽማግሌዎች አፍ ይስሙ፤ ቀጥሎ ቅኝቱን ይለዩ፤ ከዚያ ቤቱን ያግኙ፤ የሚደርቡትን ድምፅ የሚመርጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ይሁን። ይህን ተራ የጠበቀ ሰው በእረኛው አምስት ድምፅ ላይ ታላቅ ሥራ ሊሠራ ይችላል፤ እረኛውም ሲሰማው የራሱ ዜማ መሆኑን ያውቀዋል።