ከገብሱ ጋር የሚታጨደው ቀንድ አውጣ

ፍሬውን ከግርዱ መለየት የገበሬ ሙያ ነው። በደቡብ አውስትራሊያ፣ በዮርክ ባሕረ ገብ መሬት ግን ወንፊት የማይለየው ግርድ አለ፤ ቀንድ አውጣ ነው።

በሳይንሳዊ ስሙ ኮክሊሴላ አኩታ ይባላል። ዛጎሉ ሾጣጣ ነው፤ አደገ ቢባል ርዝመቱ ከ18 ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም። ትንንሾቹማ መጠናቸው ከገብስ ፍሬ ጋር ስለሚቀራረብ አብረውት ይወርዳሉ። አገሩ የሜዲትራኒያን ዳርቻና የምዕራብ አውሮፓ ጠረፍ ነው። ማንም ሳይጋብዘው ባሕር ተሻግሮ ዮርክ ሲደርስ ሁሉም ነገር ተመቻችቶ ጠበቀው፦ ለዛጎሉ የሚሆን ኖራ የበዛበት አፈር፣ እንደ አገሩ ዝናባማ ክረምትና ደረቅ በጋ። ጠላቶቹ ደግሞ አብረውት አልመጡም።

በጋው ከርሮ መሬቱ ሲግል ከሙቀቱ ሽሽት ወደ ላይ ይወጣል። የገብስ አገዳና የአጥር እንጨት ላይ ተለጥፎ፣ የዛጎሉን አፍ ዘግቶ ይተኛል። ችግሩ አጨዳው የሚደርሰው ልክ በዚህ ጊዜ መሆኑ ነው። ኮምባይነሩ ሁሉንም አንድ ላይ ይሰበስባል፤ የተጨፈለቀው ሥጋ ከአቧራ ጋር ተቦክቶ ወንፊቱን ይደፍነዋል። ቀንድ አውጣ የበዛበትን እህል ደግሞ ገዢ አይቀበልም።

ገበሬዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ሐሩር በበረታበት ቀን በትራክተር ሰንሰለት እየጎተቱ ከቃርሚያው ላይ ያራግፉታል፤ የጋለው መሬት የቀረውን ይጨርሳል። ቃርሚያውን ያቃጥላሉ፣ መርዝ ይበትናሉ። ይህ ሁሉ ክብ ዛጎል ያላቸውን ዘመዶቹን በደንብ ይቀንሳል፤ ሾጣጣው ግን ድንጋይ ሥር እየገባ ያመልጣል።

ሲ.ኤስ.አይ.አር.ኦ. የተባለው የአገሪቱ የምርምር ድርጅት መላውን ከወደ ፈረንሳይ ፈለገ። እጭዋን ቀንድ አውጣው ላይ የምትጥል ዝንብ ከዚያ አስመጣ፤ እጩ ከውስጥ ሆኖ ይበላዋል። የአውስትራሊያን ነባር ቀንድ አውጣዎች እንዳትነካ ተፈትና እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ተለቀቀች። ውጤቱ ግን ያን ያህል አልነበረም፤ ዝንቧ በጥቂት ስፍራ ብቻ ለመደች።

ኋላ የቀንድ አውጣው ዲ.ኤን.ኤ. ሲመረመር የዘር ሐረጉ ከፈረንሳይ ብቻ እንዳልሆነ፣ እስከ ሞሮኮ እንደሚዘልቅ ታየ። የዝንብ ፍለጋውም ወደ ሞሮኮ ዞረ፤ በ2020ዎቹ መጀመሪያ የዚያው አገር ዝንቦች ዮርክ ላይ ተለቀቁ። በእኔ እይታ የዘር ምርመራው መቅደም የነበረበት ገና ከመጀመሪያዋ ዝንብ በፊት ነው። ስደተኛው ከየት እንደመጣ ሳይጣራ ጠላቱን መፈለግ ሃያ ዓመት ገደማ ወስዷል። ገበሬውም እስካሁን ሰንሰለቱን አላስቀመጠም።